የጥንጓ ስፌት

ከልብስ ማጠቢያው ሆድ፣ ከቁምጣ ኪስ ገብታ፣
ኳ! ኳ! እያለች መስታወቱን መትታ
አገኘኋት ማታ።
ከቡጢ ያነሰች፣ ከሎሚ የከበደች፣
ነጭ ነበርኩ የምትል፣ ሣር የጠገበች፣
ጠርዟ እንደ ከንፈር ጎልቶ የወጣ፣
አሁን ግን ሳሙናው ስፌቷን በልቶት
ቡሽ ሆዷ በአንድ ወገን ወደ ውጭ የመጣ።

ኦሺን «ሽሊተር» ይላታል፣ የአየርላንዱ ልጅ፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ በካልሲ ቆሞ ደጅ።
«ሞተች?» አለኝ።
«ጥንግ እንዲህ በቀላሉ አትሞትም» አልኩት በአማርኛ።
ገባው መሰለኝ፣ ሄዶ ተኛ።

መርፌ አላጣሁም፣ ክሩ ነው የቸገረኝ፤
ከማዳም መታጠቢያ ቤት የጥርስ ክር መዘዝኩ፣
ሰም የጠጣ ነው፣ ውሃ የማይደፍረው።
ከዚያ ጣቴ፣ ሳልነግረው፣ ብቻውን ሄደ፣
በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ወረደ፣
እንደ ወፍጮ ቤት አህያ መንገድ የለመደ።

አባቴ ምንዳ ነው።
ምንዳ የተባለ ስሙ ብቻ ነበር፣ ሌላ ምንዳ አላየ።
ፋቂ ነው፤ እጁ እምቧይ ይሸታል፣ ታጥቦም አይለቀው።
ገና ሲቃረብ ጎረምሳው ከሩቅ ይጣራ ነበር፣
«ምንዳ! ጥንግ ሥራ!»
ስለ ዋጋው ግን ማንም ትንፍሽ ላይል፣ ላያወራ።
ጨርቅና ፀጉር ጠቅጥቆ፣ እርጥብ ቆዳ አልብሶ፣
በጅማት ሰፍቶ፣ በእሳት ዳር አድርቆ ጨርሶ፣
ያቺ ጥንግ በሜዳው ላይ ስትበር
እሱ ጥድ ሥር ቆሞ ይቆጥር ነበር።
ግብ አይደለም የሚቆጥረው፤
ስፌቱ ስንት ምት እንደቻለ ነው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። እውነት ነው፣
ጌታው በሎሌው ዱላ ቅልጥሙን ተብሎ ይስቃል።
ለፋቂ ግን ዱላ ያቀበለው የለም።
አንድ ዓመት ጥንጓ ከሜዳ አምልጣ
እግሩ ሥር ቆመች፤ ሜዳው ዝም አለ።
ጎንበስ ብሎ አነሳት፣ በሁለት እጁ ሰጠ።
«ጣላት» አለው ልጁ።
ጣላት። ልጁ አፈር ለወሳት፣ አሸት አሸት አደረጋት፣
ከዚያ መታት።
እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የአባቴን እጅ ይዤ።

እዚህ አል-አይን፣ በዕረፍት ቀን፣ ያገሬ ልጆች ሲጠይቁኝ፣
«አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ፣
«ገበሬ» እላለሁ፣
ባሕር ተሻግሬ፣ ይህን ውሸት እንደ ኢቃማ
በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ።

ዓርብ ማታ። የሜዳው መብራት ዓይን ይወጋል፤
ከመብራቱ ባሻገር ሐፊት ተራራ እንደ ግመል ተጋድሟል።
መሽቶም ሙቀቱ አርባን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው፤
ሰዎቹ ፊታቸውን በሽቦ ወንፊት ሸፍነው፣
ሰፋፊ ዱላቸውን እያወናጨፉ ይራኮታሉ።
እኔ የበረዶ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ውሃ ጠባቂ፣
በየምቱ ትከሻዬ ይሰበቃል።
ሃያ አምስት። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት።

ሃያ ስምንተኛው ላይ ከአግዳሚው በላይ፣ ከመረቡ በላይ ነጎደች፤
አጥሩ ጥግ፣ ቴምሩ ሥር፣ አጠገቤ ወደቀች።
አነሳኋት። ሜዳው ዝም አለ።
አንድ ግዙፍ ሰው፣ ላቡ በጢሙ የሚንጠባጠብ፣
መጣ፣ እጁን ዘረጋ።
ጣያት እስኪለኝ ጠበቅሁ።
ከመዳፌ ወሰዳት፤ ጣቱ ጣቴን ነካ።
በቁምጣው እንኳ አልጠረጋትም፤ ዞሮ ሮጠ።
ምን ያውቃል እሱ? ምንም።
ደግነት አይደለም፣ አለማወቅ ነው፤
እኔ ግን ያንን መዳፍ ቤት እስክንደርስ አልጨበጥኩትም።

ማዳም «የጥርስ ክሬ የት ገባ?» ብላ ፈለገች፤ ዝም አልኩ።
ጥንጓ ሁለት ሳምንት ሰነበተች፤
በሦስተኛው ተተረተረች።
ኦሺን እንባውን እየጠረገ አመጣት፤
ወጥ ቤት፣ መብራት ሥር አገላብጬ አየኋት።
የተፈታው በወዲያ ማዶ ነው፣ የፋብሪካው ስፌት።
በወዲህ በኩል፣ በምንዳ ልጅ በኩል፣
አንድ ክር አልላላም።